ሦስት ያለቁ ሣጥኖች

ደብዳቤው የደረሰኝ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ያመጣው ተላላኪ ሁለት ቦታ አስፈርሞኝ ሄደ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ለባለ ዲግሪ የተጻፈ ስለነበር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የቀብር አገልግሎት ሰጪዎችን የሚመዝን፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጥቅ ቦርድ ተቋቁሟል ይላል። ሰባት አባላት አሉት። ስማቸው ከነማዕረጋቸው ተዘርዝሯል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ከተማው ትንሽ ነው። ከሰባቱ አንዱም መቃብር ቆፍሮ አያውቅም። ሣጥን የተሸከመ ካለም ካሜራው ባለበት በኩል ነው። እንግዲህ የእኔን ብቃት የሚያረጋግጡት እነሱ ሆኑ።

ሱቄ ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር። የሬሳ ሣጥን ስሠራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው፤ የጻፈው ሰው የለም። ሰው ሳይሞት ሣጥን አይጨረስም። ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ይላጋል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እስከዚያ ጣውላ ነው። ሰው ሲሞት ዕድሩ ሬሳውን በሲባጎ ለክቶ ይልክልኛል፤ አንድ ቋጠሮ ለቁመት፣ አንድ ቋጠሮ ለትከሻ። ያኔ እቆርጣለሁ፣ ምስማር እመታለሁ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። አልቆ ባዶውን ያደረ ሣጥን ባለቤቱን ይጠራል ይባላል። እውነት ነው ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አሳድሬ አላየሁም። የከተማው ዕድሮች ሁሉ ወደ እኔ የሚመጡት ይህን ስላላደረግሁ ነው። ሌላ ሀብት የለኝም።

የደብዳቤው ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ «አገልግሎት ሰጪው በማንኛውም ጊዜ አነስተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ መጠን ያላቸው ሦስት ዝግጁ ሣጥኖች ለእይታ ማቅረብ ይኖርበታል። የተሸጠ ሣጥን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይተካል።» ከታች ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና የአስተያየት መስጫ ሣጥን ይላል። ሠላሳ ቀን ተሰጥቶኛል። ካላሟላሁ ሱቁ ይታሸጋል።

ጎረቤቴ ጀይላን ነው፤ ጣውላና ምስማር ይሸጣል። ደብዳቤውን አነበብኩለት።

«ገሠሠ፣ ስለም» አለኝ። «የእኛ ሰው በከፈን ነው የሚሄደው። አነስተኛ፣ መካከለኛ የለም።»

«አንተስ ምስማሩን ለማን ትሸጣለህ?»

«እሱን አላሰብኩትም» አለና ወደ ሱቁ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ብቅ አለ። «ብትሠራቸው ምን ይሆናል? ሦስት ሣጥን ነው።»

«ዕድሮቹ ይሸሹኛል።»

«ባትሠራቸውስ?»

«ሱቁ ይታሸግብኛል።»

«እንግዲህ መንግሥት ምርጫ ሰጥቶሃል» አለ ጀይላን።

በሳምንቱ የቦርዱ ባለሙያ መጣ። ብርሃነመስቀል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ፎቶው ያለበት ባጅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ስሙን እንዳይረሳ አንገቱ ላይ አስረውለት ነበር። ቼክሊስቱን አወጣ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ የደንበኞችን እርካታ በምን ይለካሉ?»

«ደንበኛ የምትለው ማንን ነው?»

«አገልግሎቱን የሚያገኘውን።»

«ሟቹን ነው ወይስ ዕድሩን?»

አሰበ። እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ አንኳኳ። «ይጣራል ብዬ ልጻፈው» አለ፤ ጻፈውም። ክፉ ሰው አልነበረም። «ተራ ቁጥር አራትስ? ዝግጁዎቹ የት አሉ?»

ግድግዳውን የተደገፉትን ጣውላዎች አሳየሁት።

«እነዚህ ጥሬ ዕቃ ናቸው፤ ያለቀ ነው የተባለው።»

«ያለቀ አይቀመጥም።»

«ለምን?»

ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። እናቱም እንዲህ ስትል ሰምቶ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ከዚያ «አላሟሉም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

«እንዴት ትለካለህ? ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ የለም» አልኩት። «አነስተኛ ማለት ስንት ነው?»

«አባሪ አንድ ላይ አለ።»

«አባሪ አንድ አልደረሰኝም።»

«እንግዲያው ቦርዱን መጠየቅ ነው» አለና ሄደ።

ማክሰኞ ቦርዱ ሲሰበሰብ ሄድኩ። በር ላይ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ ተጠራሁ። ሰባት ሰው፣ ሰባት የታሸገ ውኃ። ሰብሳቢው አቶ ኃይለሚካኤል ነው፤ የጌጫ ልጅ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ፈጣን። ጸሐፊዋ ሕሊና ናት፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። ረጅሙ ጌታሁን ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«አባሪ አንድ የት ነው?» አለ ሰብሳቢው ወደ ሕሊና ዞሮ።

«አልተዘጋጀም። መመሪያው ሲጸድቅ በቀጣይ ይያያዛል ተብሎ ነው የታለፈው።»

«ማን ነበር የሚያዘጋጀው?»

«እርስዎ።»

ሰብሳቢው ውኃ ጠጣ።

«ይሄ አባሪ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም» አለ። «ሰው መቼም አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ነው። እዚሁ ከመካከላችን እንወስዳለን። ጋሽ ገሠሠ፣ ሜትር ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ይለኩን።»

«በሕይወት ያለ ሰው አልለካም።»

«ለምን?»

«አይለካም።»

ሰብሳቢው ወደ አባላቱ ዞረ። «ይኸው። የአመለካከት ችግር የምንለው ይሄ ነው። በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን።» አባላቱ አዘኑልኝ። ሰብሳቢው ኮቱን አውልቆ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሜትሩን ከእጄ ወሰዱትና እርስ በርሳቸው ተለካኩ።

«አንድ ሜትር ከሰባ አንድ» አለ ጌታሁን።

«ጫማዎን አውልቀው እንጂ አቶ ኃይለሚካኤል» አለ አንዱ። «በጫማ አይደለም የሚገባው።»

ሳቁ። ሰብሳቢው ጫማውን አውልቆ እንደገና ተለካ። አንድ ሜትር ከስድሳ ዘጠኝ ሆነ። ይህን አልወደደውም፤ ሰባ አንድ ተብሎ እንዲያዝ አዘዘ። ትከሻውም ተለካ። ቀጥሎ ጌታሁን ተለካ፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት።

«አነስተኛዋ ሕሊና ናት» አሉ።

ሕሊና ከወንበሯ አልተነሣችም። «የራሴን እኔው እጽፋለሁ» አለች። «ቁመቴን አውቀዋለሁ።» ጻፈች። ቃለ ጉባኤው ዞረ፤ ሁሉም ሳያነብ ፈረመ፤ ሌላ ስብሰባ ነበረባቸው። ክብ ማኅተም አርፎበት ቅጂው ተሰጠኝ።

ውጭ ወጥቼ አነበብኩት። ከፍተኛ፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት። መካከለኛ፣ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ። አነስተኛ፣ ሁለት ሜትር ከአሥር።

ሕሊና ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት አይበልጥም።

«ተሳስቷል?» አልኳት።

«ቦርዱ አጽድቆታል» አለችኝ። «ይህን ያህል የሚረዝም ሰው በዚህ ከተማ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አለችና በሩን ዘጋችው። ከሰባቱ ውስጥ ዕድር ያላት ሰው እሷ ብቻ እንደሆነች ያኔ ገባኝ።

ሦስት ሌሊት አሰብኩበት። ሱቁን ማጣት አልፈለግሁም። ደግሞ ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ሱቁ ቢታሸግ ምን ይሠራል? እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሠራኋቸው። ከቀረሮ ጣውላ፣ ልክ ቃለ ጉባኤው እንዳለው። ክዳኑን መትቼ ስጨርስ እጄ ከብዶኝ ነበር። ጀይላን ሊያይ አልመጣም፤ ምስማሩን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ነው ያቀበለኝ።

ብርሃነመስቀል መጣ። ሜትር ይዞ ለካ። አነስተኛው ከከፍተኛው በሃያ አራት ሣንቲም ይረዝማል። ቼክሊስቱን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ቼክሊስቱን አየ። «ይሄ አነስተኛ ነው?»

«ማኅተም አለበት።»

«አለበት» አለ። ምልክት አደረገ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ ግልጽነት ይላል፤ የመጠኑ ምንጭ ሣጥኑ ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። ሦስት ወረቀት አውጥቶ ለጠፈ። መካከለኛው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «መካከለኛ። የመጠን ምንጭ፦ የቦርዱ ሰብሳቢ።» ከፍተኛው ላይ፦ «የመጠን ምንጭ፦ አቶ ጌታሁን።» አነስተኛው ላይ «የመጠን ምንጭ፦ ጸሐፊ» ተብሏል። እሱን ያነበበ ሁሉ ሣጥኑን እያየ ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች ይጠይቅ ነበር።

ኅዳር ላይ በአዳራሽ ሸለሙኝ። መመሪያውን ቀድሞ ያሟላ ግንባር ቀደም አገልግሎት ሰጪ ተባልኩ። ፈቃዴ ቁጥሩ 001 ነው። ለሻይ ዕረፍት ብስኩት ነበር። አቶ ኃይለሚካኤል እጄን እየጨበጠ ፎቶ ተነሣና «ከኋላ ቀር አስተሳሰብ መላቀቅ እንደሚቻል ጋሽ ገሠሠ አሳይተውናል» አለ። ተጨበጨበ። ፈቃዱን በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ይሰማኛል፤ ወደ እኔ የሚመጣ የለም።

የመጀመሪያው ሟች ገጠር ተቀብሮ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አለፈ። ጀይላን ነው የነገረኝ። አማን ውስጥ ኸይሩ የሚባል በርና መስኮት ሠሪ አለ። ሣጥን ሠርቶ አያውቅም፤ ፈቃድም የለው። ጣውላ ገዝቶ የሚያስቀምጥበት ገንዘብ ስለሌለው ግን አስቀድሞ የሠራው ነገር የለም። ዕድሮቹ በዚህ ወደዱት።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መጣች። የትልቁ ዕድር ዳኛ ናት፤ ገበያ ውስጥ እህል ትሸጣለች። ከበሩ ውጭ ቆመች፤ እንድትገባ ብለምናትም አልገባችም። ወንበር አውጥቼ ሰጠኋት።

«ጋሽ ገሠሠ፣ እርስዎን መናቃችን አይደለም» አለችኝ። «አባቴንም ወንድሜንም በእርስዎ ሣጥን ነው የሸኘናቸው። ግን እነዚያ» አለች ሳታይ በአገጭዋ እየጠቆመች፣ «እነዚያ የሚጠብቁት ሰው አለ። ሰዉ በዚህ በኩል ማለፍ ትቷል። እርጉዝ የሆነች ሴት በገበያው ዞራ ነው የምትሄደው።»

«ቦርዱ ነው ያዘዘኝ።»

«ቦርዱ ያዝዛል። እርስዎ ደግሞ ያውቃሉ።»

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«የኸይሩ ሥራ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ባለፈው የሠራው ሣጥን ማጠፊያ ነበረው» አለች። «ከላይ መቀርቀሪያ አድርጎበታል። ቄሱ ሳይቀር ሳቁ።» ሳትስቅ ሄደች።

ጥር ላይ አቶ ኃይለሚካኤል ታመመ። ወባ ነው። ሚዛን ወባ ያልያዘው ሰው ቢኖር እንግዳ ነው፤ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሰብሳቢው ግን ወባ ብቻ አልሆነም። የቢሮው ጥበቃ ለባጃጅ ነጂው፣ ባጃጅ ነጂው ለገበያው ነገረ። በሦስተኛው ቀን «ሣጥኑ ጠራው» ተባለ። ጌታሁን በዚያው ሳምንት ለመስክ ሥራ ወደ ቴፒ ሄደ፤ የመስክ ሥራው አላለቀለትም። የቀሩት የቦርድ አባላት በእኔ በር ማለፍ ሲኖርባቸው ባጃጁን በላይኛው መንገድ ያዞሩት ነበር። ሁሉም የተማሩ ናቸው። ላይኛው መንገድ ጭቃ ነው።

ከጌጫ እናቱ መጡ። እማማ ማናልሞሽ ከመኪናው ወርደው ወደ ልጃቸው ቤት አልሄዱም፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። እንደ ሌላው በር ላይ አልቆሙም። ገብተው ከመካከለኛው ሣጥን ፊት ቆሙ። ማንበብ አይችሉም።

«የልጄ የቱ ነው?»

አሳየኋቸው።

«የለካኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም እማማ። እምቢ ብዬ ነበር። ራሱ ተለክቶ፣ ፈርሞ ላከልኝ።»

«ፈርሞ?»

«ማኅተምም አድርጎበታል።»

ቁጭ አሉ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ሄክታር ቡና ሸጬ።»

«ይማርልዎት እማማ። ወባ ነው፤ ይድናል።»

«ስበረው።»

«አልችልም። የቦርዱ ቆጠራ ውስጥ ገብቷል። ብሰብረው ንብረት ማጥፋት ነው።»

«ሽጠው።»

«ብሸጠው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በዚያው ልክ እንድተካ ታዟል።»

«ማነው ያዘዘው?»

«እሱ።»

እማማ ማናልሞሽ ተነሡ። ልጃቸው ቤት ምን እንዳሉት አልሰማሁም። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ኃይለሚካኤል ራሱ መጣ። ቀን ነው፣ ብቻውን ነው። ሸሚዙ ሰፍቶታል። «ድንገተኛ ቁጥጥር ነው» አለኝ።

«ይቆጣጠሩ።»

ወደ ሣጥኑ ሲቃረብ አንድ እርምጃ ያህል ላይ ቆመ። የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። ፊደሉ ተልቆበት መሰለኝ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ እኔ እንደዚህ ባለው ነገር አላምንም።»

«አውቃለሁ። በአዳራሽ ተናግረዋል።»

«እናቴ ናት የተጨነቀችው።»

«እናት ናቸው።»

«ገዢ የለም?»

«የለም። ገዢ ቢመጣም የሚገጥመው ሰው መሆን አለበት። አንድ ሜትር ከሰባ አንድ።»

«ስድሳ ዘጠኝ ነኝ» አለ ቶሎ ብሎ።

«ቃለ ጉባኤው ሰባ አንድ ነው የሚለው።»

በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ። «ምን ይሻላል?» አለኝ። በዚያ ቦርድ ፊት ቆሜ ነበር፤ ይህን ሲጠይቀኝ ግን የመጀመሪያው ነው።

«ድሮ እንደነበረው ነው የሚሻለው። ጣውላው ይቁም። ሰው ሲሞት ይመታ።»

«በእምነት ምክንያት ብለን መጻፍ አንችልም።»

«በፈለጋችሁት ምክንያት ጻፉ።»

የካቲት ላይ የተሻሻለው መመሪያ መጣ። ምክንያቱ ምስጥና እርጥበት ሆነ። «በአካባቢው ካለው ከፍተኛ የምስጥ ሥርጭትና የአየር እርጥበት አንጻር ሣጥኖች ሳይገጣጠሙ መቀመጥ እንዳለባቸው በጥናት ተረጋግጧል» ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳደርገው የኖርኩትን በሦስት ወር አጥንተው ደረሱበት። ሦስቱ ሣጥኖች ቦርዱ በሙሉ በተገኘበት እንዲፈርሱ ታዘዘ። የተገኘነው ብርሃነመስቀልና እኔ ነን። ምስማሩን እየነቀልን አንድ በአንድ በተንን። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰባቱም ፊርማ አለ።

ቦርድ ግን አንድ ነገር ወስዶ ሌላ ሳይጨምር አያድርም። ተራ ቁጥር አራት ሲሻሻል ተራ ቁጥር አራት ነጥብ አንድ ተወለደ፦ «ሣጥን የሚገጣጠመው ሞቱን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለአገልግሎት ሰጪው ሲደርስ ብቻ ነው። ይህን የተላለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ሱቁም ይታሸጋል።»

«ይሄስ ለምንድን ነው?» አልኩት ብርሃነመስቀልን።

«ሳይሞት እንዳይሠራ» አለ። «አቶ ኃይለሚካኤል ናቸው ያስጨመሩት። በጣም ጠንክረው ነው የተከራከሩት።»

«ማኅተሙ ማን ጋ ነው?»

«አንድ ሰው ጋ ነው። ሲኖር ይመታል።»

ሣጥኖቹ ቢፈርሱም ዕድሮቹ አልተመለሱም። ሰው አንዴ መንገድ ከቀየረ ቶሎ አይመለስም። እኔም አልሄድኩባቸውም። ጣውላ እየላግሁ ተቀመጥኩ።

መጋቢት ውስጥ ቅዳሜ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጥሩምባ ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መጣች። ዕድሩ ሰው አልላከም፤ ራሷ ናት የመጣችው። ጥቁር አጣፍታለች። እጇ ላይ ሲባጎ አለ።

«ባዘዘው አረፈ» አለችኝ።

ባሏ ነው። ሹፌር ነበር፤ ከሚዛን ጅማ ቡና ሲያመላልስ ነው ያረጀው። ጉበቱ እንደታመመ እናውቅ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን።» ወደ ውስጥ አየች። ግድግዳውን አየች፣ ጥጉን አየች። «ያለቀ የለም?»

«የለም።»

ገባች። ሣጥኖቹ ከተሠሩ ወዲህ ለቀብር ጉዳይ ያን ደፍ የረገጠች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ሲባጎውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«ኸይሩ ጋ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ ከለከልኳቸው» አለች። «ባዘዘው በር አይደለም።»

ሲባጎውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ወረቀቱስ? የሞት ማረጋገጫው?»

«ልጄ ሄዶ ነበር። ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ቴፒ ሥልጠና ላይ ነው። ማኅተሙንም ይዞት ሄዷል። ማክሰኞ ይመለሳል አሉት።» ፊቷን ጠረገች። «ሙቀቱን እያዩት ነው። ዛሬ ካልተቀበረ እንዴት አደርገዋለሁ?»

መስታወት ውስጥ ያለውን ፈቃድ አየሁት። ቁጥር 001። እሱን ለማግኘት ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ግን አላነሣችውም።

«በስንት ሰዓት ነው ቀብሩ?» አልኳት።

«በዘጠኝ።»

«ይደርሳል። ሂጂ፣ ሬሳው ጋ ሁኚ።»

ሁለቱን ጎኖች ቆርጬ ግርጌውን ስገጥም ብርሃነመስቀል በር ላይ ቆሞ አየሁት። የባዘዘው ጎረቤት ነው፤ የዕድሩም አባል። ዕድሩ ሣጥኑን እንዲያመጣ ነው የላከው። ባጁ አንገቱ ላይ ነበር።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ወረቀት መጥቷል?»

«አልመጣም።»

እኔን አየ፣ ጣውላውን አየ። ባጁን አውልቆ ኪሱ ከተተው።

«ብቻዎን አይያዝልዎትም» አለ። ሌላውን ጫፍ ያዘልኝ። ምስማሩን መታሁ። ጀይላን ከአጥሩ ማዶ ድምፁን ሰምቶ ሁለት ፓኮ ምስማር ይዞ በበሩ ገባ፤ አልተፈለገም፤ አስቀምጦት ቆመ። ክዳኑን ለክተን ገጠምነው። አቡጀዲውን አልብሰን ስንጨርስ ስድስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ባዘዘው በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። ሕዝቡ ብዙ ነበር። አቶ ኃይለሚካኤልም ነበረ፤ ከሣጥኑ ራቅ ብሎ።

ወረቀቱ ረቡዕ መጣ። «ግለሰቡ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸው ስለተረጋገጠ ሣጥን መገጣጠም የሚቻል መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ታትሟል።

ሐሙስ ብርሃነመስቀል ባጁን አድርጎ፣ ቼክሊስቱን ይዞ መጣ። ተቀመጠ።

«ሣጥኑ የተገጣጠመበት ቀን?»

«ቅዳሜ።»

«ጋሽ ገሠሠ፣ ረቡዕ ማለት ይችላሉ። ማንም አያጣራም።»

«ቅዳሜ ነው። አንተው ይዘህልኛል።»

«እኔ መያዜን የት ልጻፈው?»

«ከታች ማስታወሻ የሚል ቦታ አለ።»

ማስታወሻው ላይ ምን እንደጻፈ አላየሁም። ቀኑን ግን ቅዳሜ ብሎ ጻፈ። የተቀጠረው እውነቱን እንዲጽፍ ነው፤ ይህን ሲያደርግ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ሁለት ሰዎች መጥተው ፈቃዱን ከነመስታወቱ ወሰዱ። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፣ አሸጉ። መስታወቱ የእኔ ነው አልኳቸው፤ በደብዳቤ ይጠይቁ አሉኝ። ጣውላውንና መጋዙን ቀደም ብዬ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቴ ጓሮ አዛውሬው ነበር። ጀይላን ቆርቆሮ ሰጠኝ፤ ለጣሪያ ጣልኩበት።

ረቡዕ ጥሩምባ ተነፋ። እኔ ጓሮ ሆኜ መላጊያዬን እስል ነበር። ሁለት የዕድር ሰዎች በታሸገው በር በኩል ሄዱ፤ ማሸጊያውን አንብበው፣ በጎን ባለው ጠባብ መንገድ ዞረው መጡ። አንደኛው ሲባጎውን አቀበለኝ።

«እዚህ መሆንዎን ማን ማን ይወቅ ጋሼ?» አለኝ በቀልድ። «ለቦርዱ እናሳውቅልዎት?»

«ጫማህ ጭቃ ነው፤ ጣውላውን አትርገጥብኝ» አልኩትና መለካት ጀመርኩ።